ፓርኪንሰን፣ አልዛይመርና ሉዊ ቦዲ፦ ቀድሞ የሚጎዳው እንቅስቃሴ ነው ወይስ ትውስታ?

የአንጎል ሕዋሳትን ቀስ በቀስ ከሚጨርሱ በሽታዎች መካከል በአረጋውያን ላይ አዘውትረው የሚታዩት ፓርኪንሰን፣ አልዛይመርና በሁለቱ መሀል የሚገኘው ሉዊ ቦዲ የተባለው የመርሳት በሽታ ናቸው። ዓመታት ሲቆጠሩ ሦስቱም ይመሳሰላሉ፤ ታማሚው መራመድም ማስታወስም ይቸገራል። በአጀማመራቸው ግን ይለያያሉ። ስለዚህ የነርቭ ሐኪም ከምርመራ መሣሪያ ሁሉ በፊት የሚፈልገው የቤተሰቡን ምስክርነት ነው፦ መጀመሪያ የተለወጠው ምን ነበር? ሌላውስ ከስንት ጊዜ በኋላ ተከተለ?

ፓርኪንሰን የተሰየመው እ.ኤ.አ. በ1817 በሽታውን በዝርዝር በጻፈው እንግሊዛዊ ሐኪም በጄምስ ፓርኪንሰን ነው። በአንጎል ግንድ ላይኛው ክፍል ጠቆር ያለ ቀለም ያላቸው ሕዋሳት አሉ፤ ሥራቸው ዶፓሚን የተባለውን ቅመም ማመንጨት ነው። እንቅስቃሴን ለመጀመርና ለማፍጠን ይህ ቅመም የግድ ነው። በበሽታው ጊዜ አልፋ ሲኑክሊን የሚባል ፕሮቲን ቅርጹን ስቶ በሕዋሳቱ ውስጥ ይጓጉላል፣ ሕዋሳቱም ይሞታሉ። ጉጉሉን እ.ኤ.አ. በ1912 የገለጸው ጀርመናዊው ሐኪም ፍሪትዝ ሉዊ ነበር፤ ሉዊ ቦዲ የሚለው ስምም ከእሱ የመጣ ነው። የእንቅስቃሴ ችግሩ በግልጽ ሲታይ ከእነዚህ ሕዋሳት ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ አልቀዋል። የአብዛኛው ታማሚ መንስኤ አንድ ነገር ብቻ አይደለም፤ ዕድሜ ይበልጡን ድርሻ ይይዛል፣ በጥቂቶች ላይ በዘር የሚወረስ ለውጥ ይገኛል፣ እንደ ፓራኳት ላሉ ፀረ አረምና ፀረ ተባይ ኬሚካሎች ለረጅም ጊዜ መጋለጥም አደጋውን ይጨምራል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።

ምልክቱ ከእጅ በፊት ሌላ ቦታ ይጀምራል። ማሽተት ይጠፋል፣ ሆድ ይደርቃል፣ ሰውየው ሕልሙን እየኖረ በእንቅልፉ ይጮኻል፣ ይራገጣል። ይህ እጅ ከመንቀጥቀጡ ዓመታት ቀድሞ ሊመጣ ይችላል፤ ይበልጥ የምታውቀውም አብራው የምትተኛው ሚስቱ ናት። ከዚያ በአንድ ጎን ያለው እጅ ሥራ ፈትቶ ጭን ላይ ሲያርፍ በሰከንድ ከ4 እስከ 6 ጊዜ ይንቀጠቀጣል፤ ዕቃ ሲያነሣ ግን ይቀንሳል። ሲኒ ወደ አፍ ሲወሰድ የሚብሰው፣ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም እጅ የሚይዘውና በቤተሰብ የሚወረሰው መንቀጥቀጥ ሌላ በሽታ ነው፤ ሁለቱ በየጊዜው ይምታታሉ።

ከታማሚዎቹ አንድ አራተኛ ያህሉ ደግሞ ጨርሶ አይንቀጠቀጡም። ስለዚህ ለፓርኪንሰን የግድ የሚያስፈልገው ምልክት ዝግታ ነው፦ ቁልፍ መቆለፍ ይረዝማል፣ የእጅ ጽሑፍ እያነሰ ይሄዳል፣ በእግር ሲሄዱ አንዱ ክንድ አይወዛወዝም፣ ድምፅ ይቀንሳል፣ ፊት ስሜት አይገልጥም። ቤተሰብ ይህን ኩርፊያ ይለዋል፤ የትከሻው ግትርነት ደግሞ በቁርጥማት ስም ለዓመታት ይታከማል። በመጀመሪያው ዓመት ደጋግሞ መውደቅ ከታየ ግን የፓርኪንሰን ጠባይ አይደለም፤ ሐኪሙ ሌላ በሽታ መፈለግ አለበት።

ከሁሉ በፊት የሚጣራው የመድኃኒት ጉዳይ ነው። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡት ሃሎፔሪዶልና ክሎርፕሮማዚን፣ እንዲሁም በተለምዶ ፕላሲል የሚባለው የማስታወክ መድኃኒት ዶፓሚንን ስለሚያግዱ ልክ ፓርኪንሰን የሚመስል ግትርነትና መንቀጥቀጥ ያመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሁለቱም ጎን። በሐኪም ትእዛዝ ሲቆሙ ምልክቱ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ሊለቅ ይችላል። ታማሚው ቤቱ ያለውን ክኒን ሁሉ በከረጢት ይዞ መቅረቡ ከብዙ ምርመራ ይበልጣል።

የፓርኪንሰን ዋናው ሕክምና በአንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጠው ሌቮዶፓ ከአጋዡ ካርቢዶፓ ጋር ነው። ከምግብ 30 ደቂቃ ያህል በፊት ቢወሰድ ይሻላል፤ የሥጋና የእንቁላል ፕሮቲን ከመድኃኒቱ ጋር በአንድ በር ለመግባት ይሻማል፣ የብረት ክኒንም ወደ ደም የሚገባውን የመድኃኒት መጠን ይቀንሳል። በድንገት ማቆም አደገኛ ነው፤ ከባድ ግትርነትና ትኩሳት ያስከትላል። ባቄላ በተለይም እሸቱ በተፈጥሮው ሌቮዶፓ አለው፤ ነገር ግን መጠኑ ከአንዱ ማሳ ወደ ሌላው ስለሚለያይ ክኒንን አይተካም።

የአልዛይመር አካሄድ ተቃራኒ ነው። አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ያቀረበው ጉዳት ከሕዋሳት ውጭ አሚሎይድ የተባለ ፕሮቲን ክምችት፣ በውስጣቸው ደግሞ የታው ፕሮቲን ጥልፍልፍ ነው። ሂፖካምፐስ የሚባለው አዲስ ትውስታን የሚያስቀምጠው የአንጎል ክፍል አስቀድሞ ስለሚጎዳ፣ የንጉሡን ዘመን አጥርታ የምታወራ እናት ጠዋት የጎበኛትን ልጇን ትረሳለች፣ አንድን ጥያቄ ደጋግማ ትጠይቃለች፣ በለመደችው መንገድ ትጠፋለች። እግሯ ግን ለዓመታት ደህና ነው። ጃጀች ብሎ መተው ስሕተት ነው፤ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ የታይሮይድ መቀነስ፣ ድብርትና ከውድቀት በኋላ ቀስ ብሎ የሚጠራቀም የአንጎል ደም ይህንኑ መልክ ይይዛሉ፤ እነዚህ ደግሞ ይታከማሉ። ለስኳር ሜትፎርሚን ለዓመታት የሚወስድ ሰው ቢ12ን መለካት አለበት። ግራ መጋባቱ በቀናት ውስጥ ከመጣ ኢንፌክሽን ይፈለግ።

ብዙ ስሕተት የሚፈጸመው በሉዊ ቦዲ ላይ ነው። ጉጉሉ የፓርኪንሰኑ ዓይነት ሲሆን የሚሰራጨው ወደ አንጎል ቅርፊት ነው። መጀመሪያ የሚጎዳው ከትውስታ ይልቅ ትኩረትና ማቀድ ነው፤ ታማሚው ዛሬ ንቁ ሆኖ ነገ ይደነዝዛል፣ በቤት ውስጥ የሌሉ ሕፃናትን ወይም እንስሳትን በግልጽ ያያል። የመርሳት ችግሩ ከእንቅስቃሴው ችግር ቀድሞ ወይም በ1 ዓመት ውስጥ ከመጣ ሉዊ ቦዲ ይባላል፤ ፓርኪንሰኑ ከ1 ዓመት በላይ ቆይቶ መርሳቱ ከተከተለ የፓርኪንሰን የመርሳት ችግር ነው። ልዩነቱ የስም ብቻ ቢመስልም ጠቀሜታው ሌላ ነው። ታማሚው የሌለ ሰው በማየቱ የተደናገጠ ቤተሰብ ታማሚውን ወስዶ ሃሎፔሪዶል ካስወጋው ድንገተኛ ግትርነትና ሞት ሊያስከትል ይችላል። ስለዚህ ቅዠቱን ሲናገሩ የእጁን ዝግታና የእንቅልፉን ጩኸት ጨምሮ መንገር፣ ሐኪሙም ያንን መርፌ ከማዘዙ በፊት ስለ ሁለቱ መጠየቅ ይገባዋል።