የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር ሁለት መስመሮች ያሉት የከተማ ባቡር ነው። ሰማያዊው ከምኒልክ አደባባይ ተነስቶ በአትክልት ተራ፣ በአውቶቡስ ተራና በሰባተኛ ወርዶ፣ ልደታንና ስታዲየምን አልፎ፣ በሳሪስ አድርጎ ቃሊቲ ይገባል። አረንጓዴው ከአያት በሲኤምሲ፣ በመገናኛና በሃያ ሁለት በኩል ጦር ኃይሎች ይደርሳል። ሁለቱ ተደምረው ወደ 34 ኪሎ ሜትር ይረዝማሉ፤ ጣቢያዎቹ 39 ናቸው።

ግንባታው በ2004 ዓ.ም. ተጀመረ። የፈጀው 475 ሚሊዮን ዶላር ሲሆን 85 በመቶው ከቻይና ኤክዚም ባንክ በብድር የመጣ ነው። ሰማያዊው መስመር መስከረም 9፣ አረንጓዴው ጥቅምት 29 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። ሐዲዱ በምኒልክ አደባባይ ዙሪያ በዋሻ ስለሚያልፍ የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2005 ዓ.ም. ከቦታው ተነስቶ ነበር፤ በ2008 ዓ.ም. ተመልሶ ቆሟል።

የመስመሩን አሠራር ለመረዳት ከስታዲየም እስከ ልደታ ያለውን ክፍል ማየት ይበቃል። ስታዲየም፣ ለገሃር፣ ሜክሲኮ፣ ተግባረ ዕድና ልደታ የሁለቱም መስመሮች ጣቢያዎች ናቸው፤ መስመሮቹ 2.7 ኪሎ ሜትር ገደማ ሐዲድ ይጋራሉ። በየመስመሩ በየ6 ደቂቃው አንድ ባቡር ቢላክ፣ እዚህ በየ3 ደቂቃው አንድ ያልፋል ማለት ነው። አንዱ እዚህ ሲበላሽ ሁለቱም መስመሮች ይቆማሉ፤ ሜክሲኮ ላይ የተፈጠረ ችግር አያት ድረስ ሰልፍ የሚያስረዝመው ለዚህ ነው። መስመር ለመቀየርም ቦታው ይኸው ነው። ከአያት ወደ አውቶቡስ ተራ የሚሄድ ሰው ከአምስቱ በአንዱ ወርዶ፣ በዚያው አቅጣጫ የሚመጣውን ሰማያዊ ይጠብቃል። ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ግን ስታዲየም ላይ ወርዶ በተቃራኒው አቅጣጫ የሚመጣውን ሰማያዊ መያዝ አለበት። አቅጣጫውን ሳያጣራ ቀለሙን ብቻ አይቶ የገባ ልደታ ይደርሳል።

በሁለቱ የሐዲድ ብረቶች መካከል ያለው ስፋት 1,435 ሚሊ ሜትር ነው፤ ባቡሮቹ ከላይ ከተዘረጋው ሽቦ የ750 ቮልት ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ይወስዳሉ። የራሱ የኤሌክትሪክ መስመር ቢኖረውም ዋናው የኃይል ምንጭ የአገሪቱ ስለሆነ መቆራረጡ ይደርስበታል። ኃይል ሲጠፋ ሊፍቱም አብሮ ይቆማል፤ ከፍ ባሉት ጣቢያዎች አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚቸገሩት ያኔ ነው።

ትልቁ ራስ ምታት ግን ጎማው ነው። የብረት ጎማ ጠርዝ በመታጠፊያዎች ላይ ከሐዲዱ ጎን ጋር እየተፋተገ ይበላል። ዝናብ ሲዘንብ ሹፌሩ ጠንከር አድርጎ ፍሬን ከያዘ ደግሞ ጎማው መሽከርከሩን ትቶ ይንሸራተታል፤ አንድ ጎኑም ተፍቆ ጠፍጣፋ ይሆናል። ተሳፋሪው የሚሰማው የማያቋርጥ "ኳ ኳ" ድምፅ ከዚያ ይመጣል። የተበላ ጎማ ዲፖ (የባቡሮቹ ማደሪያና መጠገኛ) ገብቶ በቶርኖ ተልጦ ይስተካከላል፤ ነገር ግን በተስተካከለ ቁጥር ዲያሜትሩ ይቀንሳል፣ የአንድ ባቡር ጎማዎች ደግሞ መመጣጠን አለባቸው። ገደቡ ላይ ከደረሰ መለወጥ ግድ ነው፣ አዲሱ የሚገዛው በውጭ ምንዛሪ ነው። ከ41ዱ ባቡሮች ከግማሽ በላዩ ከአገልግሎት ውጭ እስከ መሆን የደረሰው በዋነኛነት በመለዋወጫ እጦት ነው። መስመሩ ያነሰው ሐዲድ ወይም ተሳፋሪ አይደለም። ብድሩ ባቡሩን ሲያስገባ የዓመታት መለዋወጫውም አብሮ መታሰብ ነበረበት።

መሬት ላይ የሚሄደው ክፍል መንገዱን ለሁለት ከፍሎታል። በአጥር ስለተከለለ እግረኛው እስከ ቅርብ መሻገሪያ ድረስ መዞር ይኖርበታል፤ ብዙዎች አጥሩን ዘለው ሐዲዱን ያቋርጣሉ። ባቡር እንደ መኪና ቶሎ አይቆምምና ይህ አደገኛ ነው። አጥሩን ጥሰው የሚገቡ መኪኖችና የኬብል ሌቦችም አገልግሎቱን ያስተጓጉላሉ።

ታሪፉ ሲጀመር እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር፤ ቲኬቱ ከጣቢያው አጠገብ ካለች ትንሽ ኪዮስክ ተገዝቶ በሠራተኛ ይታይ ነበር።

ከጅቡቲ የሚመጣው ባቡር ከዚህ መስመር ጋር አይገናኝም። የመንገደኞቹ ጣቢያ ፉሪ ለቡ ስለሆነ፣ ለገሃር ወርዶ ወደ ድሬዳዋ ለመሳፈር ያሰበ ሰው እስከ ፉሪ ለቡ ታክሲ ወይም አውቶቡስ መያዝ አለበት።