ከሱስ ለመላቀቅ የሚደረጉ የመረዳጃ ስብሰባዎች፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ከመጠጥ ሱስ ለመላቀቅ የሚፈልጉ ብዙ ሰዎች ከመረዳጃ ስብሰባ የሚርቁት በውስጡ የሚሆነውን ባለማወቅ ነው። የሚከተለው እ.ኤ.አ. በ1935 በአሜሪካ የተመሠረተውን አልኮሆሊክስ አኖኒመስ የተባለውን ማኅበር ይመለከታል።

«ገመናዬ አደባባይ ይወጣል።» በስብሰባው ማንም እንዲናገር አይገደድም፤ ተራው ሲደርስ «ዛሬ ባዳምጥ ይሻለኛል» ብሎ ማለፍ ይችላል። የአባላትን ማንነት ውጭ አለማውራት የማኅበሩ መሠረት ነው። ይሁንና ምስጢሩን የሚጠብቀው የአባላቱ መተማመን ስለሆነ፣ አዲስ ሰው ከባዱን ጉዳይ ሰዎቹን እስኪለምድ ቢያቆየው አስተዋይነት ነው።

«ነባሮቹ ይመክሩኛል፣ ይገሥጹኛል።» ችግር በሽምግልናና በምክር ሲፈታ እያየን ስላደግን ይህን መጠበቃችን አያስገርምም። በአብዛኞቹ ስብሰባዎች ግን ተናጋሪው አይቋረጥም፣ ሲጨርስም መልስ አይሰጠውም። አንዱ «ደመወዝ በተቀበልኩ ቀን እግሬ ወደ መጠጥ ቤት ይወስደኛል» ቢል፣ ቀጣዩ «ደመወዝህን ለሚስትህ ስጥ» አይለውም፤ እርሱ ራሱ በደመወዝ ቀን የሚገጥመውንና የሚያደርገውን ይናገራል። ተግሣጽ የደረሰበት ሰው ራሱን መከላከል ይጀምራል፤ የሌላውን ታሪክ የሰማ ግን ሳያፍር የሚበጀውን መርጦ ይወስዳል። የቡድኑ ትልቁ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

«የሚጠቀመው አዲሱ ሰው ብቻ ነው።» የማኅበሩ አጀማመር ራሱ ይህን ያፈርሰዋል። ከማኅበሩ ሁለት መሥራቾች አንዱ የሆነውና ያኔ መጠጥ ካቆመ ጥቂት ወራት የሆነው ቢል ዊልሰን በግንቦት 1935 ለሥራ ወደ ኦሃዮዋ አክረን ከተማ ሄዶ ጉዳዩ ሳይሳካለት ቀረ። ባረፈበት ሆቴል የመጠጥ አምሮቱ ሲቀሰቀስበት፣ ከሌላ ጠጪ ጋር የሚያገናኘው ሰው ፍለጋ ስልክ መደወል ያዘ፤ በዚህም ጠጪ ከነበረውና በኋላ ማኅበሩን አብሮት ከመሠረተው ሐኪም ቦብ ስሚዝ ጋር ተገናኘ። ዊልሰን ስሚዝን የፈለገው በመጀመሪያ ራሱ እንዳይወድቅ ነበር። ለብዙ ዓመታት ያልጠጡ አባላትም ዛሬ ድረስ ከስብሰባ የማይቀሩት ለዚሁ ነው።

«ያገረሸበት ይባረራል።» ለአባልነት የሚጠየቀው መጠጥ ለማቆም መፈለግ ብቻ ነው።

«ስብሰባ ከሄድኩ ሐኪም አያስፈልገኝም።» ይህ አመለካከት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የጠጣ ሰው በድንገት ሲያቆም የሚጥል መንቀጥቀጥና የአእምሮ መሳት ሊደርስበት ስለሚችል፣ ከማቆሙ በፊት ሐኪም ማየት አለበት። ማኅበሩም አባላቱ በሌላ ሰው መድኃኒት ላይ እንዳይወስኑ ያሳስባል።

«ጥቅሙ በጥናት አልተደገፈም።» የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው ግምገማ ከ10,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 27 ጥናቶች መርምሮ፣ ሰዎችን በሥርዓት ወደ ማኅበሩ የሚመሩ ሕክምናዎች ጨርሶ ካለመጠጣት አንጻር ከሌሎች የታወቁ ሕክምናዎች የተሻለ ውጤት እንዳላቸው አሳይቷል።

«አንዱን ካየሁ ሁሉንም አየሁ።» እያንዳንዱ ቡድን ራሱን በራሱ ያስተዳድራል። አንድ ሰው ብቻ ጊዜውን የሚወስድበት ወይም ነባር አባል አዲስ የመጣችን ሴት ለፍቅር የሚቀርብበት ቡድን ጤነኛ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነገር የገጠመው ሰው ስብሰባውን ጨርሶ ከመተው ይልቅ ሌላ ቡድን ይሞክር፤ በብዙ ከተሞች ለሴቶች ብቻ የሚደረጉ ስብሰባዎችም አሉ።