ሻንጣ ከታሰረ በኋላ የሚጸለይ ጸሎት

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ዛሬ በተለይ ለመጋቢዎች፣ ለሽማግሌዎች፣ ለኅብረት መሪዎች፣ ባጠቃላይ ሰው ለሚከተለው አገልጋይ ሁሉ የምለው ነገር አለኝ፣ ልቤ ውስጥ ከከረመ ቆይቷል።

ትንቢተ ኤርምያስ 42ን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት፣ 43ንም ጨምሩበት፣ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው። ኢየሩሳሌም በባቢሎን እጅ ወድቃለች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 586 አካባቢ መሆኑ ነው፣ ቤተመቅደሱ ተቃጥሏል፣ ባቢሎን የሾመው ገዢ ጎዶልያስም ተገድሏል። የተረፈው ሕዝብ አሁን ባቢሎን መጥቶ ይጨርሰናል ብሎ ፈርቷል። መሪያቸው የቃሬያ ልጅ ዮሐናን ነው። ዮሐናን እኮ መጥፎ ሰው አይደለም፣ ይሄን ልብ በሉልኝ፤ ጎዶልያስን ሊገድሉህ ነው ብሎ ቀድሞ ያስጠነቀቀው እሱ ነው፣ የተማረኩትንም ከገዳዩ ከእስማኤል እጅ ያስጣላቸው እሱ ነው። ለሕዝቡ የሚያስብ፣ ደፋር፣ ነገር ቶሎ የሚገባው መሪ ነው፣ ዛሬ ቢሆን ሁላችንም እጃችንን አውጥተን ሽማግሌ አድርገን የምንመርጠው ዓይነት ሰው።

እነዚህ ሰዎች ከትንሽ እስከ ትልቅ ወደ ኤርምያስ መጡና ጸልይልን፣ የምንሄድበትን መንገድ አምላክህ ያሳየን አሉት። መልካምም ይሁን ክፉ የሚለንን እንሰማለን ብለው እግዚአብሔርን ምስክር አድርገው ቃል ገቡ። ከዚህ በላይ ምን ይባላል? ኤርምያስም እሺ አላቸው፣ ጸለየ፣ ቃሉም ከ10 ቀን በኋላ መጣ።

ግን አንድ ምዕራፍ ወደ ኋላ ተመለሱና 41፥17ን እዩ። ጸልይልን ከማለታቸው በፊት የት ነበሩ? ቤተልሔም አጠገብ ሰፍረው ነበር፣ ወደ ግብጽ ለመሄድ። መንገድ ጀምረዋል! ሻንጣው ታስሯል፣ ልብ ቀድሞ ሄዷል፣ የቀረው እግዚአብሔር ማህተም እንዲያደርግበት ብቻ ነው። ለዛ ነው መልሱ እዚሁ ምድር ላይ ተቀመጡ፣ ግብጽ አትሂዱ የሚል ሆኖ ሲመጣ ኤርምያስን ፊት ለፊት ውሸታም ያሉት፣ ጸሐፊህ ባሮክ ነው የመከረህ ብለው ሌላ ሰው ላይ ያላከኩት።

እኛስ? መሬቱ ታይቶ፣ ዋጋው ተስማምቶ፣ ቀብድ ተከፍሎ፣ ከዛ በኋላ የ3 ቀን ጾም ጸሎት ይታወጃል። ጾሙን እያናናቅሁ አይደለም፣ ሕዝቡ ከልቡ ነው የሚጾመው፣ እኔም አብሬ ጾሜያለሁ። ግን በሦስተኛው ቀን ጌታ "ተዉት" ቢል ማን ነው ሄዶ ቀብዱ ይቅር የሚለው?

ይሄን ክፍል ብዙ ጊዜ ሰብኬዋለሁ፣ የገባኝ ግን በራሴ ሲደርስ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ ሀገር ካለች አንዲት የሐበሾች ቤተክርስቲያን ና አገልግለን የሚል ግብዣ መጣልኝ። ደስ አለኝ፣ የልጆቼ ትምህርት፣ የቤት ኪራዩ፣ የባለቤቴ ሕክምና፣ ሁሉም ባንዴ የተመለሰ መሰለኝ። ፎርም ሞላሁ፣ ፎቶ ተነሳሁ፣ ትልቋን ልጄን ለሚቀጥለው ዓመት ትምህርት ቤት ሳላስመዘግባት ቀረሁ። ይሄን ሁሉ ካደረግሁ በኋላ ረቡዕ ጠዋት የእናቶች ጸሎት ላይ ቆሜ "የጌታን ፈቃድ እየፈለግሁ ነው፣ በጸሎት አስቡኝ" አልኩ።

እናቶች ጸለዩልኝ፣ እንባቸውን እያፈሰሱ። ፕሮግራሙ ሲያልቅ አንዲት ትልቅ እናት ነጠላቸውን እያስተካከሉ በሩ ጋ ጠበቁኝና እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው "ልጄ፣ ጌታ አትሂድ ቢልህ ትቀራለህ?" አሉኝ። መጽሐፍ ቅዱሴ ብብቴ ስር ነው፣ መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ቡናማ ፖስታ አለ፣ ፖስታው ውስጥ 6 ጉርድ ፎቶ። አፌ "እንዴታ እማማ" አለ። የፖስታው ጫፍ ግን ወጣ ብሎ ይታይ ነበርና ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ገፋሁት። ያን ማታ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ፊት ቀርቤ እውነቱን ነገርኳቸው፣ ፈቃዱን እየፈለግሁ አይደለም፣ ወስኛለሁ፣ ጸሎታችሁን የፈለግሁት ስሄድ እንዳታዝኑብኝ ነው አልኩ። ለተወሰነ ጊዜ ማንም ምንም አላለም። ከዛ በዕድሜ ትልቁ ወንድማችን "እንግዲያው ከመጀመሪያው እንጀምር" አሉ። ፎርሙን ሳልልክ ላቆየው፣ ለማንም መልስ ሳልሰጥ ልጸልይ ተስማማን።

ምንም ድምፅ አልሰማሁም፣ ሕልምም አላየሁም። መጀመሪያ አካባቢ ጸሎቴ ሁሉ ክርክር ነበር፣ ለምን መሄድ እንዳለብኝ ለእግዚአብሔር ማስረዳት። አንድ ቀን ንጋት ላይ ግን "ብቀርም አንተ አምላኬ ነህ" ብዬ ጸለይኩ፣ እሱን ደግሞ ከልቤ ነበር። ከዚያ በኋላ ያላየሁት ነገር ይታየኝ ጀመር፤ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ለሁለት ዓመት የቆየ ቅሬታ ነበረን፣ ሰላም እንባባላለን ግን አንታረቅም፣ ጥሪ ነው ያልኩት ነገር ግማሹ ከሱ መሸሽ ነበር። እግዚአብሔር ስለ መሄድና መቅረት ሳይነግረኝ በፊት ስለሱ ነው የነገረኝ። ሄጄ ታረቅሁ። ሽማግሌዎቹም በየተራ ያላቸውን ተናገሩ፣ እኔም ቀረሁ። ልጄን ላስመዘግብ ስሄድ ቦታ ሞልቷል ተባልኩ፣ ዓመቱም ከባድ ነበር፣ ይሄን ያልኩት ፈቃዱን ማወቅ ሁሉን ነገር ያቀልላል ብላችሁ እንዳትጠብቁ ነው።

ደግሞ መሄድ ኃጢአት ነው አላልኩም። አብርሃምን ውጣ ያለው እግዚአብሔር ነው፣ የአንጾኪያ ቤተክርስቲያንም በርናባስንና ሳውልን የሚያህሉ ሰዎች አሳልፋ ሰጥታለች፣ ሐዋ 13። ግን እዛ ጋ ሥርዓቱን ተመልከቱ፣ ጌታን እያመለኩና እየጾሙ ሳለ መንፈስ ቅዱስ ተናገረ፣ ከተናገረም በኋላ እንደገና ጾመው ጸልየው ነው እጃቸውን ጭነው የላኳቸው። ማን ቸኮለ?

ኤርምያስን ራሱን እዩት። ለዓመታት ሲሰብክ የነበረው ለባቢሎን ተገዙና ኑሩ እያለ ነው፣ ስለዚህ ሕዝቡ ሲጠይቀው የራሱ ሐሳብ አለው፣ እዛው መልስ መስጠት ይችል ነበር። የሚንቀጠቀጥ ሕዝብ ፊቱ ቆሞ አሁን ንገረን እያለው 10 ቀን ጠበቀ። ይሄ ለእኛ ለመሪዎች ትልቅ ትምህርት ነው ወገኖቼ፣ ሰው በቴሌግራም ጥያቄ ልኮ አምስት ደቂቃ ሳይሞላ "ጌታ እንዲህ ይልሃል" እንላለን። ነቢዩ ናታንም ዳዊት ቤተመቅደስ ልሥራ ሲለው በልብህ ያለውን ሁሉ አድርግ አለው፣ 2ኛ ሳሙኤል 7፣ ሐሳቡ ጥሩ ነበር፣ ናታንም ጥሩ ሰው ነው፣ በዚያው ሌሊት ግን እግዚአብሔር ሌላ ነገር ተናገረው። ናታን ደግሞ አፍሬያለሁ ብሎ አልተደበቀም፣ ንጉሡ ጋ ተመልሶ የሰማውን ነገረው። ትናንት ያልኳችሁ የእኔ ሐሳብ ነበር ማለት የሚችል መሪ ያላት ቤተክርስቲያን የታደለች ናት።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። ኤርምያስ ላይ ብትቀመጡ እጠብቃችኋለሁ የሚል ተስፋ አለ፣ ቀርቶ የሚሞትም አለ። ቄስ ጉዲና ቱምሳን አስቡ፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት። ደርግ ደጋግሞ አስሯቸዋል፣ ከሀገር የሚወጡበት ዕድል ተዘጋጅቶላቸው ነበር፣ እሳቸው ግን በዚህ የፈተና ጊዜ መንጋዬን እንዴት ጥዬ እሄዳለሁ አሉ። ያነሱትም ቃል 2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15 ነበር፣ በሕይወት ያሉት ለሞተላቸው እንጂ ለራሳቸው እንዳይኖሩ የሚለው። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተክርስቲያን ሲወጡ ተወስደው ተገደሉ፣ ባለቤታቸው ወ/ሮ ፀሐይ ቶሎሳም ረጅም ዓመት ታሰሩ። የደህንነት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ መልሱ ቀላል ነበር፣ መሄድ ነው። እሳቸው የጠየቁት ጥያቄ ሌላ ነበር።

አሁን ደግሞ ምክራችሁ ያልተሰማላችሁ መሪዎች። በስብሰባው ላይ የመጣላችሁን ተናግራችሁ በድምፅ ብልጫ የተሸነፋችሁ፣ ተው እያላችሁ ሁሉም የሄደበት። ከዚህ ሕዝብ ጋር ምን አለኝ ብሎ ትቶ መውጣት ያምራችኋል፣ አውቀዋለሁ። ዮሐናንና ሰዎቹ ቃሉን ረግጠው ግብጽ ሲወርዱ ኤርምያስንም ባሮክንም ይዘዋቸው ወረዱ። ሽማግሌው ነቢይ አትሂዱ ባለበት መንገድ፣ ውሸታም ካሉት ሰዎች ጋር፣ ያን ሁሉ አሸዋ አቋርጦ የግብጽ ከተማ ጣፍናስ ደረሰ። የእግዚአብሔርም ቃል እዛው ጣፍናስ ላይ መጣለት።