ቡናው በዓል አያውቅም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

እንኳን ለኅዳር ሚካኤል አደረሳችሁ። በዓሉ ጅማ ላይ ከቡና ለቀማው ጋር ይገጥማል፤ ከማና ወረዳ እስከ ጎማ ወረዳ ሰው ሁሉ እሸት ቡና ላይ ነው። በዚህ ሰሞን ስለ እኛ ስለ ክርስቲያኖች የሚነገር ወቀሳ አለ፤ «ሚካኤል ነው ብለው እሸቱን በጆንያ ጥለው ሄዱ» ይባላል። ያሳዝናል፤ ውሸትም አይደለም።

እሸት ቡና በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። በጆንያ ታጭቆ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል፤ በማግስቱ ቢፈለፈልም የኮመጠጠው ጣዕም ከፍሬው አይወጣም። ታጥቦ ማድረቂያ አልጋ ላይ የወጣውም ቢሆን ስስ ተደርጎ፣ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ብቻ ተሰጥቶ፣ ቀኑን ሙሉ ደጋግሞ መገለባበጥ ይፈልጋል። ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 9 ሰዓት ፀሐዩ ሲበረታ ይሸፈናል፤ አለዚያ ገለባው ይሰነጠቃል። ማታም ጤዛ እንዳያገኘው ይሸፈናል፤ የጅማ ሰማይ ደግሞ በኅዳርም አይታመንም። እርጥበቱ ወደ 11 በመቶ እስኪወርድ ሥራው ይኸው ነው። ሳይገለበጥ የዋለው ከሥሩ ይሻግታል፣ ከላይ ለሚያየው ግን ያው ቡና ነው። ጉዱ የሚወጣው ተቆልቶ ሲቀመስ ነው።

ሐዋርያው ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ አንዲት ቃል አለችው፤ «ለታይታ»። «ሰውን ደስ እንደምታሰኙ፥ ለታይታ ለሚሆን አገልግሎት አይሁን» ይላል (ቆላ. 3፥22)። የኃላፊው መኪና ድምፅ ሲሰማ ወደ አልጋው የሚሮጥ፣ ድምፁ ሲርቅ እጁን የሚያጣጥፍ ሠራተኛ ለታይታ ያገለግላል። ነገሩ ከስንፍና ይብሳል። ሥሩ «የሰው ንብረት ነው፣ ምን አገባኝ» የሚል አመለካከት ነው። ይህ አሳብ ልብ ውስጥ ሲገባ መጀመሪያ መገልበጡን ያስተወዋል። ቀጥሎ መዝገቡ ላይ «ተገልብጧል» ብሎ ያስጽፋል። ከዚያ ቀዩን እሸት ከላይ፣ አረንጓዴውን ከሥር አድርጎ ጆንያ ያስሞላል። በመጨረሻ አዲስ የተቀጠረውን ልጅ «እዚህ እንዲህ ነው የሚሠራው» ብሎ ያስተምረዋል። ይህ ሰው ጾም አልሻረም፣ ቅዳሴም አላስታጎለም ይሆናል። (ይህን በማለቴ የሚቀየመኝ ካለ ይቀየም።)

በዕለቱ በስንክሳር የሰማነውን ዱራታዎስን አስቡት። እርሱና ሚስቱ ቴዎብስታ በየወሩ የመልአኩን ዝክር ያደርጉ ነበር፤ ደህይተውም አልተዉትም። መልአኩ ተገልጦ በዋስትናው በጉን፣ ዓሣውንና ስንዴውን በዱቤ አስወሰደው። የዓሣው ሆድ ሲሰነጠቅ 300 ዲናር ወርቅ ተገኘ። ይህን ሁላችን እንተርከዋለን። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን እናልፈዋለን፤ ዱራታዎስ ለባለ በጉ፣ ለባለ ዓሣውና ለባለ ስንዴው ዕዳቸውን እንዲከፍል ታዘዘ። ተአምሩ መካከል የሰው ሂሳብ አልተረሳም! እኛ ግን የአሠሪውን ምርት አበላሽተን ጠበል ጻዲቅ እንቀምሳለን።

አሠሪዎችም ብትሆኑ ከዚህ አታመልጡም። የለቃሚዋን ኪሎ በሚዛን ስትቀንሱ፣ ክፍያዋን «ነገ ነይ» እያላችሁ ስታመላልሷት፣ የተቀማው ደመወዝ እንደሚጮኽ ያዕቆብ ነግሯችኋል (ያዕ. 5፥4)።

በዓል አታክብሩ አላልኩም፤ ለቀማው ይቆይ፣ የተለቀመው ግን አይበላሽ። ጌታችን በሰንበት ጉድጓድ የገባውን በግ የማያወጣ ማን ነው ብሏል (ማቴ. 12፥11)። በዋዜማው እሸት መቀበል ቀደም ብሎ ይቁም፤ የገባው ሁሉ እስከ ማታ ተፈልፍሎ ይለቅ። ተፈልፍሎ ገንዳ ውስጥ ያለውም በፍሬው ላይ የተጣበቀው ሙጫ እንደለቀቀ የሚያጥበው ሰው ስሙ ታውቆ ይደር። ከሙስሊም ባልደረባችሁ ጋር ተራ ተለዋወጡ፤ እርሱ የእናንተን በዓል ይያዝላችሁ፣ እናንተ ዒዱንና ጁምዓውን ያዙለት። ይህንንም ለተቆጣጣሪው ከሦስት ቀን በፊት ንገሩት፤ በዕለቱ ጠዋት አይደለም።

እናንተ ደግሞ ማንም ሳያያችሁ ሌሊት በዝናብ ተነሥታችሁ ላስቲኩን የምትስቡ፣ ስማችሁ በስብሰባ የማይነሳ፣ ሐዋርያው «ከጌታ የርስትን ብድራት» ያለው ለእናንተ ነው፤ አይዟችሁ።

ኅዳር 21 ጽዮን ማርያም ናት። ተራችሁን ከዛሬ ተነጋገሩ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።