«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ»

መዋጮ በተጠራ ቁጥር ይህን ምሳሌ እንሰማዋለን። ትምህርት ቤት ይሠራ ሲባል ይነሳል። ድልድይ ሲባል፣ ጤና ጣቢያ ሲባል፣ ግድብ ሲባልም እንዲሁ። ትርጉሙ ቶሎ ይገባል። አንዱን የሚያጎብጥ ነገር ብዙ ሰው ሲካፈለው ይቀላል ማለት ነው። እኔ ግን ምሳሌው ከዚህም በላይ ይናገራል ባይ ነኝ።

እስኪ ሎሚውን እንየው። ሃምሳ ሎሚ በክብደቱ ያን ያህል አይደለም። ዘንቢል ውስጥ ከገባ አንድ ልጅ ከገበያ ቤት ያደርሰዋል። ጉዱ የሚመጣው በእጅ ያዝ ሲባል ነው። አራት አምስቱ እሺ ይላል። አንድ ሲጨመር ሁለት ይወድቃል። የወደቀውን ላንሳ ሲሉ የቀረው ይበተናል። ለሃምሳ ሰው ሲታደል ግን ለእያንዳንዱ አንድ ይደርሰዋል። አንድ ሎሚ ደግሞ እያገላበጡ የሚያሸቱት ነገር ነው። ጥምቀት ላይ ጎረምሳው ለወደዳት ልጅ የሚወረውረውም እሱኑ ነው። «ጌጡ» የተባለው ለዚህ ይመስለኛል። «ለሃምሳ ሰው ቀላል ነው» ቢባልም ያስኬድ ነበር። አባቶች ግን ጌጥ አሉት። ጌጥ ባለቤቱ የሚያየው፣ ለሌላም የሚያሳየው ነገር ነው። መዋጮ የሚጠሩ ሰዎች ይህችን ቃል ቶሎ ያልፏታል።

ሕዝብ በጌጥነት የያዘውን ትልቅ ሥራ ለማየት የህዳሴ ግድብን ማስታወስ ይበቃል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ተጀመረ፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመረቀ። የመንግሥት ሠራተኛው ከደመወዙ ሰጠ። ገበሬውም ነጋዴውም ቦንድ ገዛ። ደሴ ውስጥ የቦንድ ወረቀቱን ከቤት ካርታው ጋር አንድ ላይ አጥፎ ያስቀመጠ ሰው አውቃለሁ። ያ ወረቀት የእሱ ሎሚ ነው። በየጊዜው ግድቡ ስንት በመቶ ደረሰ እየተባለ ይነገረው ስለነበር፣ ሎሚው የት እንዳለ ያውቃል።

አሁን ደግሞ ወደ ኮምቦልቻ እንምጣ። ከአዋሽ ተነስቶ በኮምቦልቻ አድርጎ ወልዲያ አካባቢ ሐራ ገበያ የሚደርሰው የባቡር መስመር 390 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሥራውን የቱርኩ ኩባንያ ያፒ መርከዚ በ1.7 ቢሊዮን ዶላር ያዘው። ገንዘቡ በአብዛኛው ከውጭ የመጣ ብድር ነው። ግንባታው በ2007 ተጀመረ። ዋሻዎቹ ተበሱ፣ ሐዲዱ ተነጠፈ። ለባቡሩ የሚያስፈልገው መብራት ግን በጊዜው አልደረሰም። በ2014 ጦርነቱ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ንብረቱ ወደመ፣ ተዘረፈም። ሐዲዱ ለዓመታት ባቡር ሳያይ ቆየ።

በዚህ ላይ ያለው ክርክር ቡና ሲጠጣም ይነሳል። አንዱ «በብድር ብረት ዘርተን ቁጭ አልን» ይላል። ሌላው «መንገድ ቀድሞ ካልተሠራ ፋብሪካው በምን ይመጣል?» ይለዋል። ሁለተኛው እውነት አለው። በ2009 የተመረቀው የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ዕቃውን በጭነት መኪና ወደ ጂቡቲ ከሚልክ በባቡር ቢልክ ይሻለው ነበር። ጣሊያን በወረራው ዘመን የዘረጋው የደሴ መንገድም ከዚያ ወዲህ ስንት ትውልድ አመላልሷል። እኔ ባቡሩ መሠራት አልነበረበትም ከሚሉት ወገን አይደለሁም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ብድሩን የምንከፍለው ሁላችንም ነን። ሎሚው ግን በማንም እጅ የለም። የት እንደወደቀ፣ ማን እንደሚያነሳው፣ መቼ እንደሚነሳ ለሰፈሩ ሰው ቀርቦ የነገረው አላየሁም።

ቁጥሩን ወደ እጃችን እናምጣው። ለ2017 በጀት ዓመት 971.2 ቢሊዮን ብር ሲጸድቅ 283.2 ቢሊዮኑ ለካፒታል ወጪ የተያዘ ነበር። መንገዱ፣ መስኖው፣ ሕንፃው ከዚህ ነው የሚወጣው። ለስሌት እንዲመቸን ለ100 ሚሊዮን ሰው ብናድለው ለአንድ ሰው 2,832 ብር ይደርሳል። «እኔ መቼ ከፈልኩ?» የሚል አይጠፋም። ሱቅ ገብቶ ዕቃ ሲገዛ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ይከፍላል። ብድሩንም ልጆቹ ይከፍሉታል። ስለዚህ «መንግሥት ሠራላችሁ» ሲባል ደስ አይለኝም። ሠራን ነው የሚባለው።

ለ2018 የጸደቀው ደግሞ 1.93 ትሪሊዮን ብር ነው። እጥፍ ሆነ ተብሎ ተወራ። ነገር ግን በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ብሩ ራሱ ቀሏል። ሬንጁና የማሽን መለዋወጫው የሚመጡት በዶላር ነው። ብሩ እጥፍ ሆነ ማለት መንገዱ እጥፍ ይሆናል ማለት አይደለም። ምክር ቤት ውስጥም ሆነ ሰፈር ውስጥ በደንብ መከራከር የሚገባው በዚህ ነው።

ወሎ ውስጥ ይህን ጉዳይ የሚያውቅበት ቅሬ ነው። ሌላው አገር እድር ይለዋል። ቅሬ ለቅሶ ይደርሳል፣ መቃብር ይቆፍራል። የመንደር መንገድ ጎርፍ ሲቆርጠውም ሰው የሚጠራው በቅሬ ነው። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚቀመጥበት ቅሬ ብዙ ነው።

እኔ ደሴ በኖርኩበት አንድ ሰፈር ለቦይ ማሠሪያ ተብሎ ከየቤቱ ገንዘብ ተሰበሰበ። ግማሹ ተቆፍሮ ቀረ። ክረምት ሲገባ ውሃው ቤታችን ገባ። ሂሳቡን ብንጠይቅ «ይነገራችኋል» ተባልን። ሳይነገረን ሰፈሩን ለቀቅኩ።

ሐይቅ አካባቢ ያለው የአያቴ ቅሬ ግን እንዲህ አላደረገም። ከገበያው መንገድ ላይ ለምትሠራ ትንሽ ድልድይ ሰው አዋጣ። ሥራው መሐል ላይ ቆመ። በስብሰባው ቀን አንዲት ሴት ተነስታ «የኔ ብር የት ገባ?» አለች። ቅሬውን የሚመራው ዳኛ አልተቆጣም። ጸሐፊውን ደብተር አስመጣና ስም በስም አስነበበው። ሲሚንቶው ስንት እንደሆነ፣ አሸዋው ስንት እንደሆነ፣ ስንት እንደቀረ ተነገረ። የጎደለውን ሰው በሳምንቱ ጨመረ።

ድልድይዋ አለቀች። አያቴ ገበያ ስትሄድ እዚያ ስትደርስ ትቆም ነበር። ከጠርዙ ያለችውን ድንጋይ በከዘራዋ ነካ ታደርግና «ይቺ የኔ ናት» ትለኛለች። ሁልጊዜ ያችኑ ድንጋይ ነው።