የአራስ ድራት ምንድን ነው?

ባዝራ በወለደች በሳምንቷ ድንጉላ ትፈልጋለች። ላም ያረባ ሰው ይህን ሲሰማ ማመን ያቅተዋል፤ የላም ማሕፀን ከወሊድ በኋላ ወደ ቦታው እስኪመለስ ከወር በላይ ይጠበቃልና። ባዝራ ግን ብዙውን ጊዜ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ባለው ጊዜ ጅራቷን ወደ ጎን ትመልሳለች፣ ቶሎ ቶሎ ጥቂት ጥቂት ትሸናለች፣ ድንጉላው ሲቀርባት ሳትራገጥ ትቆማለች። ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ይህ የመጀመሪያ ድራት ነው የአራስ ድራት የሚባለው።

አርቢዎች ለምን ይህን ያህል እንደሚጓጉለት ለመረዳት ቀላል ስሌት ይበቃል። የባዝራ እርግዝና በአማካይ 340 ቀን ነው። ዓመቱ 365 ቀን ስለሆነ፣ በየዓመቱ በተመሳሳይ ወቅት እንድትወልድ የሚፈለግ ባዝራ ከወለደች በኋላ ለመፅነስ ያላት ጊዜ 25 ቀን ገደማ ብቻ ነው። ይህ ጭንቀት በተለይ ቶሮብሬድ በሚባሉት የእሽቅድምድም ፈረሶች አርቢዎች ዘንድ ይበረታል። በሰሜኑ የምድር ክፍል የተወለደ ቶሮብሬድ፣ በየትኛውም ወር ቢወለድ፣ ዕድሜው የሚቆጠረው ከጃንዋሪ 1 ጀምሮ ነው። ስለዚህ በሜይ የተወለደው ከጃንዋሪው ጋር እንደ እኩያ ይሮጣል። ለእነዚህ ፈረሶች ሰው ሠራሽ ማዳቀል ስለማይፈቀድ፣ አራሷ ውርንጭላዋን አስከትላ ድንጉላው ወዳለበት ትጓዛለች።

ፈተናው ያለው ማሕፀን ውስጥ ነው። የባዝራ ማሕፀን ከወሊድ በኋላ በሚያስገርም ፍጥነት ይሰበሰባል፤ ሆኖም ፈሳሹን አስወጥቶና ግድግዳውን አድሶ አዲስ ሽል ለመቀበል ሁለት ሳምንት ገደማ ያስፈልገዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ያግዛል። የፀነሰው እንቁላል ወዲያው ወደ ማሕፀን አይወርድም፤ አምስት ስድስት ቀን በእንቁላል ቱቦ ውስጥ ይቆያል። ባዝራዋ እንቁላል የለቀቀችው በ10ኛው ቀን ወይም ከዚያ በኋላ ከሆነ ሽሉ ማሕፀን የሚደርሰው በ15ኛው ወይም በ16ኛው ቀን ነው፤ ቤቱ ተሰናድቶ ይጠብቀዋል። በ7ኛው ቀን ከለቀቀች ግን ሽሉ ገና ያልጸዳ ማሕፀን ውስጥ ይገባል፣ የመቆየት ዕድሉም ይቀንሳል። ልምድ ያለው የእንስሳት ሐኪም በአልትራሳውንድ የእንቁላሉን ዕድገትና በማሕፀን የቀረውን ፈሳሽ ሳያይ «አስጠቃት» የማይለው ለዚህ ነው። ቀኑ ካልደረሰ ድራቱ እንዲያልፍ ይተወዋል፤ እንቁላሉ ከተለቀቀ ስድስት ቀን ገደማ ሲሆነው ፕሮስታግላንዲን የተባለውን ሆርሞን በመውጋት ቀጣዩን ድራት ያፋጥናል።

በምጥ የተሠቃየች፣ የተቀደደች ወይም የእንግዴ ልጁ የዘገየባት ባዝራ በአራስ ድራት ፈጽሞ መጠቃት የለባትም። የእንግዴ ልጅ በሦስት ሰዓት ውስጥ ካልወጣ ሐኪም ሊጠራ ይገባል፤ ማደር የለበትም።

ምልክቱን ማንበብም ቀላል አይደለም። «አራስ ነብር» የሚለው አባባላችን ለባዝራም ይሠራል፤ ለልጇ ስትሳሳ ድራቷን ትደብቃለች፣ ድንጉላውንም ትራገጣለች። ውርንጭላው በምታየው ቦታ፣ ከእርግጫ ርቆ በሰው ቢያዝላት ትረጋጋለች።

በዚያው ሰሞን ውርንጭላውን ተቅማጥ ይይዘዋል። የእናቱ ድራት ወተቱን ስለለወጠው ነው ተብሎ ለረጅም ጊዜ ሲታመን ኖሯል። ነገር ግን እናት የሌላቸው፣ በጡጦ ያደጉ ውርንጭሎችም በዚያው ዕድሜ ያስቀምጣቸዋል። የአንጀታቸው ረቂቅ ተሕዋስያን በመለዋወጥ ላይ ስለሆኑ ነው። ውርንጭላው እየጠባና እየቦረቀ ከሆነ በጥቂት ቀናት ያልፋል፤ መጥባት ካቆመ ወይም ካተኮሰው ግን ነገሩ ሌላ ነው።

በእኛ አገር ጋሪ ለምትጎትት ወይም ሸክም ለምትሸከም ባዝራ ይህን ሁሉ ጥድፊያ አልመክርም። የጃንዋሪ 1 ገደብ የለብንም። ሐምሌ 1 የወለደች ባዝራ የአራስ ድራቷ ቢታለፍና በሁለተኛው፣ ማለትም በ30ኛው ቀን ገደማ ነሐሴ 1 ላይ ብትፀንስ፣ የምትወልደው በቀጣዩ ዓመት ሐምሌ 6 አካባቢ ነው። የጠፋው አምስት ቀን ብቻ ነው፤ ያኔም ሣሩ ለምለም ነው።