በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት

መስከረም 1 ቀንን ቤተ ክርስቲያን «ርእሰ ዐውደ ዓመት» ትለዋለች፤ ሕዝቡ ግን «ቅዱስ ዮሐንስ» ይለዋል። ከገበያ በግ እየጎተተ የሚመለሰው ሰው እንኳ ቢጠየቅ «ለዮሐንስ ነው» ይላል። ስሙ ከአፋችን አይጠፋም፣ ስብከቱ ግን ብዙም ትዝ አይለንም። ዮሐንስ በዮርዳኖስ አገር ሲሰብክ ስለ አደይ አበባ አልተናገረም። «አሁንስ ምሣር በዛፎች ሥር ተቀምጦአል» ነው ያለው (ሉቃ. 3፥9)።

በዚያው ወንጌል ምዕራፍ 13 ላይ ጌታችን ስለ አንዲት በለስ ይናገራል። ባለቤቱ ሦስት ዓመት ተመላልሶ ፍሬ አጣባትና «ቍረጣት» አለ። አትክልተኛው ግን «በዚች ዓመት ደግሞ ተዋት» ብሎ ለመነ፤ ዙሪያዋን ሊኮተኩት፣ ፋንድያም ሊያፈስላት።

«እንኳን አሸጋገራችሁ» ስንባባል ልቤ እዚያች «ደግሞ» የምትል ቃል ላይ ይቀራል። ተለምኖልን ነው የተሻገርነው። በየደብዳቤው፣ በየደብተሩ ከቁጥሩ ቀጥለን የምንጽፋት «ዓ.ም.» እኮ ሌላ አይደለችም፣ ዓመተ ምሕረት ናት። ዳዊትም «ወትባርክ አክሊለ ዓመተ ምሕረትከ» ይላል፤ የምሕረትህን ዓመት አክሊል ትባርካለህ ማለት ነው።

ልጅ ሆኜ ጓሯችን ውስጥ አንዲት የኮክ ዛፍ ነበረች። ቅጠል ብቻ። እናቴ ተማርራ «ትቆረጥና ጎመን ይተከልበት» ስትል አያቴ «እስቲ አንድ ክረምት ታገሺያት» አሏት። ከዚያ ዶማቸውን ይዘው ወረዱ። ሥሯን የተበተበውን ሰርዶ እየጎተቱ አወጡ፣ ከበረት አዛባ በአሮጌ ቅርጫት ተሸክመው አለበሷት። ግቢው ሸተተ። እንግዳ ሲመጣ እናቴ በር ትዘጋ ነበር። በዓመቱ ምንም የለም። በሁለተኛው ዓመት ስድስት ፍሬ ሰጠች፣ ሁለቱን ወፍ በላቸው።

ንስሐም እንዲሁ ይሸታል። ከሰው ደብቀን በረት ውስጥ ያከማቸነውን፣ ያን ቂም፣ ያን የሰው ገንዘብ፣ ያን ለሚስት ያልተነገረ ነገር፣ በካህን ፊት ማውጣት ያሳፍራል። ግን አትክልተኛው ለሥሯ የፈለገላት ሽቶ አልነበረም። እኛ ደግሞ መስከረም ሲጠባ ከኩትኮታው ይልቅ ዕቅድ ማውጣት ይቀናናል። መጽሐፍ ቅዱስን ከዳር እስከ ዳር አነባለሁ ብለን ዘፍጥረትን በጋለ ስሜት እንጀምርና ዘሌዋውያን ላይ እንቆማለን (እኔ ሁለት ጊዜ እዚያው ቀርቻለሁ)። ንባቡ መልካም ነው፤ ሰርዶው ሳይነቀል ግን ከላይ ብቻ ውኃ ማጠጣት ይሆናል።

አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ጌታ የበለሷን መጨረሻ አልነገረንም። አፈራች ወይስ ተቆረጠች? ምሳሌው አትክልተኛው «ያለዚያ ግን ትቆርጣታለህ» ባለበት ያልቃል። ምሣሩ እንግዲህ አልተነሣም፤ ቀን ተሰጥቶት ቆየ እንጂ። ይህን ለማስፈራራት አልጽፈውም። ግን ትዕግሥትን እንደ መርሳት የቆጠርንበት ዓመት አልበዛም ወይ? ሐዋርያው ጴጥሮስ ፈቃደ አሕዛብን ያደረግንበት «ያለፈው ዘመን ይበቃል» ያለው ለተጠመቁ ሰዎች ነው።

መስከረም 26 ዘመነ ጽጌ ይገባል፤ እስከ ኅዳር 5፣ አርባ ቀን። እመቤታችን ልጇን ይዛ በግብፅ መሰደዷን እያሰብን ማኅሌቱን የምንቆምበት፣ የፈቀደም የሚጾምበት ወራት ነው። በእነዚህ አርባ ቀናት አንድ ሰርዶ ብቻ ምረጡ። ሁሉንም አትንኩ፣ አንዱን እስከ ሥሩ። ለንስሐ አባታችሁም ደውሉ። ስልካቸው ከጠፋባችሁ፣ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ደጀ ሰላሙ ጋ ብትጠብቋቸው አታጧቸውም።